የመሪጌታ ቅኔና የኔ ሲዲ

ፎርማት አድርገውና እንገላገል ይላል ጋሼ እንዳለው፣ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉን አጥፋው ማለቱ ነው፣ ቀላል ነው ለሱ፣ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የሦስት ዓመት ልፋት እኮ ነው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው፣ የሞቱት መምህራቸው የተቀኙትን ቅኔ በቃላቸው ይዘው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንኩሳ እየመጡ ያስጻፉት፣ ሌላ ቅጂ የለም፣ ዛሬ ቫይረስ ገባና ዊንዶውሱ አልነሳም አለ። መሪጌታ ጥግ ተቀምጠዋል። መቋሚያቸውን እንደጨበጡ።

ቀጣሪዬ ቢሆንም አላደርገውም። ጋሼ፣ አንዴ በሲዲዬ ልሞክር እላለሁ፣ ያ በነፃ የላኩልህ? አዬ ትዕዛዙ፣ ደህና ነገር ማን በነፃ ይሰጣል ይላል፣ ይበል፣ ሲዲው ኡቡንቱ ነው፣ ሰዎች ሠርተው በነፃ የሚያድሉት፣ ያለ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስሜንና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሞላሁ፣ ባሕር ተሻግሮ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣልኝ፣ ከዘጠነኛ ላቋረጠ ልጅ! የትምህርት ማስረጃ አምጣ ያለኝ የለም።

ሲዲው ይዞራል፣ ዝዝዝ፣ ጥቁር፣ አሁንም ጥቁር፣ በል እንጂ፣ እንዳለው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በል የኔ ጌታ፣ ቡናማ ስክሪን፣ ተነሳ! ሃርድ ዲስኩን እከፍታለሁ፣ ፎልደሩ ቁጭ ብሏል፣ አለ፣ መሪጌታ፣ ቅኔው አለ! ፋይሉን ጠቅ፣ እና... የፈረንጅ ፊደል፣ ምልክት፣ ዝብርቅርቅ፣ ገጽ በገጽ። ይህ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው ልጄ፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ ጋሼ እንዳለው አላልኩህም ይላል።

ቆይ። ቆይ ቆይ። የተጻፈው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነው፣ ፊደሉን የሚያሳየው ፋይል፣ ሲዲዬ ላይ ያ ፎንት የለም፣ እዚያ የሞተው ዊንዶውስ ውስጥ ግን አለ፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ ፎንቱን ገልብጡት ብለው በኢንተርኔት መወያያ ፎረም ላይ የጻፉ ሰዎች ነበሩ፣ አንብቤዋለሁ፣ ኮፒ፣ እዚህ ፔስት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣

ግዕዝ።

ጥርት ያለ ግዕዝ! መሪጌታ አንገታቸውን አስግገው የመጀመሪያውን ቅኔ በዜማ ይሉታል፣ ድምፃቸው ይሰበርና ይቃናል፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የቆሙት ሁሉ ጠጋ ብለው ያዳምጣሉ፣ እኔ ብቻ ጩህ ጩህ ይለኛል፣ ቡሬ ድረስ ይሰማ፣ አወጣሁት፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት!

መምህርህ ማነው? ይሉኛል። ቅኔ ቤት ለእንግዳ ተማሪ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፣ አላውቃቸውም መሪጌታ እላለሁ፣ አገራቸውንም አላውቅ፣ ያወቁትን ጽፈው ያስቀምጡታል፣ የፈለገ ይማርበታል፣ ክፍያ የለውም። ይስቃሉ፣ ከገቡ ጀምሮ ገና አሁን፣ እኔስ ለየኔታ መቼ ከፈልኩ፣ ለምኜ እየበላሁ አይደል የተማርኩት፣ እንግዲህ አንተም እንዳትነፍግ፣ ይላሉ፣ ወደ እንዳለው ዞረውም፣ አንተ፣ ና፣ ወንበር ሳብና ተማር።

ይስባል! ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው እንዳለው አጠገቤ ይቀመጣል፣ እሺ ትዕዛዙ፣ ከየት ልጀምር፣ ይላል፣ እኔም ድምፄን ዝግ አድርጌ፣ እንደ መምህር ዝግ አድርጌ፣ እዚህች ጋ ጠቅ ያድርጉ ጋሼ፣ አዎ፣ እንደሱ፣