ከፌርፋክስ የወረደ ፌስታል

«ጋሼ፣ ግባ! ላስቲክ ሱሪ ነው፣ ውሃ አያስገባም» አላቸው ወንዙ ውስጥ የቆመው ወጣት።

አቶ ሀይለገብርኤልን ሰው «አንተ» ካላቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። ግን ሊሰልል የመጣ ሰው ምን አፍ አለው? የላስቲኩን ሱሪ እስከ ደረታቸው ሳቡና ጭቃው ውስጥ ገቡ።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎች ሚድ ሲቲ ሰፈር ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ አንድ ልጃቸውን ሐሌታን ኪሩ ለሚባል ወጣት ጠይቀዋቸው ነበር። «ሥራው ምንድን ነው?» ቢሉ፣ «ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ቆሞ ውሃ ይለካል» ተባሉ። እሳቸውም «ከወር በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ ሐሌታ አኩርፋ እራት ላይ አብራቸው አትቀመጥም። የአባት ሆድ አልችል አለና፣ ዛሬ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርገው፣ አይተውት የማያውቁትን ልጅ ሊያዩ ባዮና ክሪክ የሚባለው ወንዝ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ መጡ። ኪሩ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የመጡ ሀበሻ መስለውት በደስታ ተቀበላቸው።

«ውሃ መለካት ደግሞ ሥራ ነው?» አሉት።

ኪሩ ሳቀና መለኪያውን ወደ ውሃው አወረደ። «ላዩን እየው ጋሼ፤ የትናንቱ ዝናብ ነው፣ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ሥሩ ደግሞ ኦሽን ነው፣ የባሕር ውሃ። ጨው ያለው ይከብዳል፣ ሶ ከታች ይገባል። ቀስ እያሉ ነው ሚክስ የሚያደርጉት።»

«ዓሣው ታዲያ የቱ ውስጥ ይኖራል?»

«ሁለቱም ውስጥ! ትንንሾቹ የሚያድጉት እዚህ ነው።»

እውነትም በእግራቸው መካከል ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ብልጭ አሉ። «ያውና! አየሁት!» ብለው ጮኹ የሰባ ዓመቱ ሰው። በራሳቸው ጩኸት አፈሩ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

ኪሩ የጎርፍ ቆሻሻ ከሚይዘው መረብ ላይ አንድ የእንጀራ ፌስታል ነቀለ። በላዩ ላይ «ሐሌታ ገበያ» ይላል። ልጃቸው በተወለደች ዓመት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የከፈቱት የእሳቸው ሱቅ ነው። ፊታቸው ጋለ።

«ፌርፋክስ ላይ የተጣለ ሁሉ በዝናብ ተገፍቶ እዚህ ይመጣል» አለ ኪሩ፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየጠረገ። «የማገባት ልጅ አባት ሱቅ ነው። እሺ ካለኝ ማለቴ ነው።»

«ለምን አልነገርከውም?»

«ኖ! ገና ሳያውቀኝ ላሳፍረው? እያጠብኩ አስቀምጣቸዋለሁ። ስሟ ያለበትን ትራሽ ማድረግ አልቻልኩም።»

አቶ ሀይለገብርኤል ሊመዝኑ መጥተው ተመዝነው ቀሩ። ሳቃቸው ፈነዳ። ስልካቸውን አወጡና የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋ ደወሉ።

«እንዳሻው፣ ከወር በኋላ ያልኩትን ተወው። ዛሬ ማታ ኑ።»

«ዛሬ? ምን ተገኘ?»

«ደንቡ ባይሆንም ልጁንም ይዛችሁት ኑ።» ኪሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ጭቃውን ግን ታጥቦ ይምጣ።»

ፌስታሉ ከኪሩ እጅ አመለጠ። «ጋሼ… እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔው ነኝ» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጥልቁ አንድ እርምጃ እየገቡ። «በል፣ ያንን መረብ ያዝልኝ። የቀረውን እኔ ልልቀም።»