የተዘለለው መስመር

አስር አለቃ አራጋው ውጫሌ ላይ የተቀበሩ ዕለት፣ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲያነብ የታዘዘው የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ጸሐፊ ሙዘይን ነበር። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ፣ ሙዘይን ማንበብ ሊጀምር ሲል፣ አምስት ታጣቂዎች ገብተው ከፊቱ ተቀመጡ። የማን ወገን እንደሆኑ ደፍሮ የጠየቀ የለም። በዚህ ዘመን «ወታደር» የምትለዋ ቃል ስንቱን አስበልታለች።

«አቶ አራጋው» ብሎ ጀመረ። የውትድርናውን መስመር እንዳለ ዘለለው። ሃያ ሁለት ዓመት በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ በአንድ እግራቸውና በክራንች ከቦኖ ቦኖ እየዞሩ ቧንቧ መጠገናቸውን አነበበ። «አላህ ይዘንላቸው» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ባለቤታቸው መስኡዳ ከሴቶቹ መካከል ተነሱ።

«አንተ ሙዘይን፣ እግሩን ታዲያ የት ጣለው ልትል ነው? ቦኖ ስር?»

ሙዘይን ወረቀቱን እንደገና ዘረጋ።

«አስር አለቃ አራጋው ዘጠኝ ዓመት በውትድርና አገልግለው፣ ግራ እግራቸውን ፈንጂ ወስዶባቸዋል።»

የሚመጣበትን እየጠበቀ ቀስ ብሎ ቀና አለ። የታጣቂዎቹ አለቃ እሱን አያይም። አንገቱን ደፍቶ የገዛ እግሮቹን ያያል።