ከሙቅ ውሃው በርሜል ኋላ

ዴንዚል በእንግሊዝ አገር በፔንሪን ከተማ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የከበደው ሰዓት የማያከብር ነገር መጠበቅ ነው። መናኸሪያው በር ላይ የነበረውን ሽማግሌ ዘንባባ ለመኪና ማቆሚያ ብለው ሲቆርጡት፣ ሥሩ ከወደቁት ፍሬዎች ሰባት ዘር ፈልፍሎ አወጣ። እርጥብ የኮኮናት ቃጫ ባለው ላስቲክ ውስጥ አስሮም የቤቱ ሙቅ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ካለበት ቁም ሳጥን፣ ከፎጣዎቹ ኋላ ወሸቃቸው። በዚያ ሰፈር ፎጣም፣ ሊጥም፣ የታመመ ጫጩትም የሚሞቀው እዚያ ነው። ከዚያ ዛፍ የቀረ ነገር ቢኖር እነዚህ ሰባቱ ናቸው።

ይኸው አሥራ አራት ወር። የሚያውቁ ሰዎች ዘንባባ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆያል፣ አትነካካው ብለውታል። እሱ ግን ጠዋት ሻይ ሳይቀምስ ላስቲኩን ይፈታል፤ ከምሳ በኋላም ይፈታል። አንዱን አውጥቶ በጥፍሩ ይፍቃል፣ ያሸታል፣ አልፎ አልፎም ወደ ጆሮው ያስጠጋል። በመጋቢት ሲቆጥራቸው ስድስት ሆኑ። ሲያጥባቸው አንዱ በማጠቢያው ቀዳዳ የሄደ መሰለውና ሳምንት ሙሉ ቧንቧ ሲፈታታ ሰነበተ። ላውንደሪ ቤት የምትሠራው ሚስቱ ላቭዴይ፣ ዶሮ እንኳ እየተነሳች እንቁላሏን አትቆጥርም አለችው።

ሰኞ ዕለት ቤቱን ካከራያቸው የቤቶች ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ሐሙስ በርሜሉ ተነቅሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ማሞቂያ ይገባል ይላል። ዴንዚል መቀመጫ አጣ። ላስቲኩን ታቅፎ የሰፈሩን በር አንኳኳ። ግን የሁሉም በርሜል ክረምቱን ተነቅሎ አልቋል። የጎረቤታቸው የሞርዌና ቁም ሳጥን ባርኔጣ ብቻ ሞልቶታል።

"እንግዲህ ጉያሽ ውስጥ ክተቺልኝ እንዳትለኝ" አለችው።

ሐሙስ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ዴንዚል ላስቲኩን ሸሚዙ ውስጥ፣ ሆዱ ላይ ሸጉጦ እግር እግሩን ይከተላል። ሰውየው ሆዱን አሞት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። በርሜሉ በደረጃው ወረደ፤ ቁም ሳጥኑ እንደ ምድር ቤት ቀዘቀዘ። ላቭዴይ ለምሳ ስትገባ ባሏ ደረጃው ላይ ቁጭ ብድግ ይላል።

"ላውንደሪው ውስጥ ከማድረቂያዎቹ በላይ አስቀምጪልኝ" አላት።

"አላስቀምጥም። ከነገ ጀምሮ እዚያ ልትውል?"

"ታዲያ ይሙቱ? ዛፉ ሌላ ዘር የለውም እኮ፣ ላቭዴይ።"

ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች። "ሰባተኛው ቧንቧ ውስጥ አልገባም" አለችው። "እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

በመጋቢት ሰርቃ ኩባያ ውስጥ ተክላው፣ ኩባያውን ከማድረቂያዎቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ነበር። ከውሃ በቀር ምንም አልነካውም። ባለፈው ሳምንት እንደ መርፌ የሾለ አረንጓዴ ቅጠል አወጣ።

ዴንዚል ወደ እሷ ዞረ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ሥሩን ለማየት ትነቅለው ነበር።"

አይደለም ሊል ነበር። ግን እጁ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ላስቲኩን ሲፈታ ራሱ ያዘው። አውጥቶ ስድስቱንም ሰጣት። ላውንደሪው ድርሽ እንዳይል አስምላው ወሰደቻቸው።

ቅዳሜ በሩ እንደተከፈተ አንድ ዘንቢል ፎጣ ይዞ ደረሰ።

"እነዚህን ትናንት አይደል እንዴ ያጠብኩት?"

"ዝናብ ነካቸው" አለ፤ ሰማዩ ግን ጠርቶ ነበር።

ላቭዴይ ፎጣዎቹን ተቀበለችና ጀርባውን ለመደርደሪያው እንዲሰጥ አድርጋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ዴንዚል ሁለት እጁን ከጭኖቹ ሥር ከቶ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ባለው የማጠቢያ ማሽን ክብ መስታወት ውስጥ፣ ከሚሽከረከሩት ፎጣዎች በላይ፣ የኩባያዋ ነጸብራቅና አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ነገር ትታያለች። ፎጣው ታጥቦ አልቆ ማሽኑ ሲቆም፣ እንደገና እንድታዞርለት ለመናት።