ባለቀይ ክሩ ዘር

ትእዛዝ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትመዘገብ ወንድሟ «ዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?» ብሎ ስቆባት ነበር። እሷም «አንድ ድንች ከማን ማሳ ወጥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ማን ጓዳ እንደሚገባ ማወቅ ነው። መንገዱ ላይ ማን እንደሚጎዳም» ብላ መለሰችለት። ጎጂዋ እሷ ልትሆን እንደምትችል ያን ጊዜ አላሰበችም።

ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው የዘር ድንችን ነው። ጉና ግርጌ ያሉ ገበሬዎች የሚያመርቱትን ዘር አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሰበስባል፤ ደብረ ታቦር ካለው መጋዘን እየወጣም ሞቅ ወዳሉት ዝቅተኛ ቀበሌዎች ይከፋፈላል። ትእዛዝ የየአምራቹን ጆንያ በተለያየ ቀለም ክር አስራ፣ የትኛው የት እንደደረሰ በደብተሯ ትጽፍ ነበር። ቀዩ ክር የአቶ ይሻው ነው።

አቶ ይሻው ስድሳን የዘለሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ገበሬ ናቸው። ትእዛዝ መረጃ ስትሰበስብ ሦስት ሳምንት እሳቸው ቤት ከርማለች። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች መደባቸውን ለቀው፣ የጉና ብርድ እንዳይጎዳት የራሳቸውን ጋቢ ደርበውላታል። ሌሎቹ ገበሬዎች «ግብር ሊጨምሩብን ነው» ብለው ሲሸሿት በየደጁ ይዘዋት የዞሩት አቶ ይሻው ናቸው። ለጥናቱ ፈቃደኛ መሆናቸውን በጣት አሻራ ሲያረጋግጡም፣ ስማቸው ለማንም እንደማይነገር ከወረቀቱ ላይ አንብባላቸዋለች።

መጋቢት ላይ ጣራ ገዳም ግርጌ የመስኖ ማሳ ያላት፣ ከማኅበሩ ዘር የወሰደች ብዙነሽ የምትባል ገበሬ ደወለችላት። «ድንቼ በአረንጓዴው እየጠወለገ ነው» አለቻት። ትእዛዝ በማግስቱ ሄደች። ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ተዝለፍልፏል። አንዱን ግንድ ቆርጣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብታቆመው፣ ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ነገር እየተመዘዘ ወረደ። አጠውልግ የሚሉት የድንች በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም፤ አንዴ ከገባ አፈሩን ለዓመታት አይለቅም። ደጋ ላይ ብርዱ ይደብቀዋል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይገለጣል።

በዚያ ሳምንት ስድስት የታመሙ ማሳዎች አየች። ከደብተሯ ጋር ስታመሳክር አምስቱ የተከሉት ባለቀይ ክሩን ዘር ሆነ። ስድስተኛው ከአምስቱ ካንዱ ጋር በአንድ ቦይ የሚጠጣ ጎረቤት ነው። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ለሃያ ገበሬዎች ተመድበው የግንቦትን ተከላ የሚጠብቁ አርባ ባለቀይ ክር ጆንያዎች አሉ።

አማካሪዋ ዶክተር መልካሙ ደብተሯን አገላብጠው አዩ። «ስማቸው እንደማይነገር ቃል ሰጥተሻቸዋል» አሉ።

«ሰጥቻለሁ። ዘሩ ከወጣ ግን ሃያ ቤት ይገባል።»

«እንግዲያው አስቀድመሽ ለራሳቸው ንገሪያቸው። እሳቸው ከተናገሩት ቃልሽም አይፈርስ፣ ክብራቸውም አይጎድል።»

አቶ ይሻውን አጥር ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አምና ማሳዎ ላይ የጠወለገ ድንች አይተው ነበር?»

የያዙትን ልጥ አጥብቀው አሰሩ። «ከወንዙ ዳር፣ አሥር አሥራ አምስት እግር ቢሆን ነው። ነቅዬ ጣልሁት። ውርጭ መስሎኝ ነበር።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ ውርጭ አለመሆኑን ልቤ ነገረኝ። ዘሩ ግን መጋዘን ገብቷል። ምን ብዬ ልመልሰው?»

«የቀረው እንዳይከፋፈል ለማኅበሩ ሊቀመንበር ይንገሩ። አንቱ ቢናገሩት ሰው ያከብርዎታል።»

«ሠላሳ ዓመት ዘር ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ይሻው። «የይሻው ዘር ከተባለ ሰው ሳያገላብጥ ነው የሚወስደው። አሁን የይሻው በሽታ ሊባል ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ስሜ እንደማይነሣ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ።»

እትዬ ዘነበች ብቅ ብለው ምሳ መድረሱን ቢናገሩም አቶ ይሻው አልገቡም። ትእዛዝም ከቀረበላት የተቀቀለ ድንች አንዱን እንኳ መላጥ አቃታት።

አንድ ወር ጠበቀች። አልተናገሩም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የጭነት መኪና መጋዘኑ ደጅ ሲቆም፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ አስማማው ዘንድ ገባች።

«ባለቀይ ክሩ እንዳይጫን። ታሟል።»

«የማን ነው?»

«ስሙን አልነግርዎትም። የምነግርዎ ክሩን ብቻ ነው።»

አቶ አስማማው ወጥተው ጭነቱን አስቆሙ። ዘሩን ከየአምራቹ የተረከቡት እሳቸው ናቸው፤ ቀዩ የማን እንደሆነ ከእሷ መስማት አያስፈልጋቸውም። ትእዛዝ እዚያው ቆማ ገባት። ስም እደብቃለሁ ብላ ቃል የገባችም፣ ስሙን የሚገልጠውን ክር በእጇ ያሰረችም ራሷ ናት።

ወደ ላቦራቶሪ የተላከው ናሙና ውጤት በሽታውን አረጋገጠ። አርባውም ጆንያ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። አቶ ይሻው ከዘር አምራችነት ተሰረዙ። «ቤቱ ያስከረማት ልጅ ጉድ ሠራችው» የሚለው ወሬም በየመንደሩ ዞረ። ከጥናቱ እንድታወጣቸው ሰው ልከው ሲጠይቁ፣ ትእዛዝ የእሳቸውን መረጃ በሙሉ አወጣች።

«የጥናቱ ልብ ያ መረጃ ነበር» አሉ ዶክተር መልካሙ።

«አውቃለሁ።»

ምረቃዋ በአንድ ዓመት ተራዘመ። ሃያ ቤት ተርፏል እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ውሸትም አይደለም። ግን ማጽናኛው ከአንጀቷ አልደርስ አለ።

መስከረም ላይ፣ በደብረ ታቦር ገበያ፣ እትዬ ዘነበችን ነጭ ሽንኩርት ዘርግተው አየቻቸው። ልትመለስ አስባ ነበር፤ ግን ተጠጋቻቸው።

«እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ?»

«እግዜር ይመስገን።» ሽንኩርቱን ሲያስተካክሉ ቆዩ። «ድንቹን ትተን ገብስ ዘራን። ደህና ይዟል።»

«ጋሼስ?»

«አለ። ከሰው አይገጥምም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ በጓሮ ዞሮ ነው።»

«መጥቼ ይቅርታ ብላቸውስ?»

እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ተይ። ልቡ ገና ነው። የእኔም ገና ነው።»

ትእዛዝ ሁለት ራስ ሽንኩርት አነሣችና ብሩን ዘረጋችላቸው። ቀድሞ ቢሆን እጇን ገፍተው ይመልሷት ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ብሩን ተቀበሉና መልሱን ቆጥረው ሰጧት።