የወገኔ ጎተራ

ወገኔ እልኸኛ ነው። እንጅባራ ሙዚየም ውስጥ ለቤተሰቦች የእጅ ሥራ መለማመጃ ቀርከሃ ሲታደል ሌላው ሰው ትንንሽ ቅርጫት ጀመረ፤ እሱ ግን «የምን መጫወቻ! እኛ ጎተራ ነው የምንሠራው» አለ።

ጎተራ ደጅ ነው የሚሠራው፤ ዝናቡ አላስወጣ ስላላቸው ግን አዳራሹ ውስጥ ጎነጎኑት። ሚስቱ እመቤት ቀርከሃውን እየሰነጠቀች ስታቀብለው፣ ልጁ ፀደይ ከውስጥ ቆማ ጫፉን ስትመልስለት፣ ጎተራው ከወገኔ ቁመት በለጠ። ሊያወጡት ሲሉ በሩ ጠበበ። ቢያጋድሙት፣ ቢያዞሩት እምቢ! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

የሙዚየሙ አስጎብኚ «እንግዲያውስ እዚሁ ይጎበኛላ!» ብላ «የአቶ ወገኔ ቤተሰብ ጎተራ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈችበት። ወገኔ ደረቱን ነፋ።

በማግስቱ በጠዋት ገብስ በፈረስ ጭኖ ሙዚየሙ በር ላይ ተገተረ።

«ምነው፣ በደኅና ነው አቶ ወገኔ?» አለችው አስጎብኚዋ።

«ምን ደኅና አለ! ስሜን ለጥፋችሁ ባዶ ጎተራ ለአገር ልታሳዩብኝ?»