አዳራሹ ያልሰማው ሦስት ደቂቃ

እኔ የምሠራው ከንቲባው ሕዝብ የሚያነጋግሩበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከኋላ ጥግ ላይ፣ ሚክሰር ከምትባለው ባለብዙ ቁልፍ ማሽን ፊት ተቀምጬ የሰውን ድምፅ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ከፍ ማድረጌን ሁሉም ያውቃል። ዝቅ ማድረጌን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና የፕሮቶኮል ኃላፊው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተናጋሪው ነገር ማምረር ሲጀምር ኃላፊው መነጽሩን ያወልቃል። እኔ ማይክሮፎኑን አልዘጋም፤ ድንገት ከተዘጋ ሰው ይጮሃላ! ወደ አዳራሹ የሚሄደውን ድምፅ ቀስ እያልኩ አወርደዋለሁ፤ ተናጋሪው እግር ሥር ያለችውን ትንሽ ስፒከር ግን እንዳለች እተዋታለሁ። ሰውየው የራሱን ድምፅ ጥርት አድርጎ ስለሚሰማ አገር ምድሩ የሰማው ይመስለዋል። የልቡን ተናግሮ፣ ቀለል ብሎት ይወርዳል። አዳራሹ ደግሞ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየ «ይሄ ደግሞ ምን ያንሾካሹካል?» ብሎ ያጉረመርማል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠራሁ። ጎበዝም ነበርኩ።

የእኛን ሰፈር መንገድ ለውሃ ቧንቧ ብለው መሃል ለመሃል ቆፈሩት። ቦዩ ስምንት ወር አፉን ከፍቶ ቀረ። ስድስት ደብዳቤ ጻፍን። ስድስቱንም ማኅተም መትተው ተቀበሉን፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ። የሰፈሩ ሰው ቆሽቱ አረረ። ከሁሉ የባሰበት የሰፈራችን ብረት በያጅ ነው። ሚስቱን ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ ቦዩ ማዶ ቆሞ ቀረ፤ እሱ ራሱ የሠራውን የብረት በር ነቅለን፣ በላዩ ላይ አስተኝተን ተሸክመን አሻገርናት። ሕፃኑ አልተረፈም።

በስንት ውትወታ ከንቲባው ቀጠሮ ሲሰጡ፣ ሰፈሩ ወኪል አድርጎ የመረጠው አማቴን ነው። የሚስቴ አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ግን ዓምና ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ድምፃቸው ቀጥኗል። ከመኝታ ክፍላቸው ሲጠሩን ሳሎን አይደርስም። «ሌላ ሰው ይሁን» ብለው ነበር። የወተወትኳቸው እኔው ነኝ።

«አባባ፣ ማሽኑ ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁ እንዴ? ሹክ ቢሉ እንኳ ውጭ ድረስ አሰማልዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ» አሉ፤ «አንተን ብዬ እወጣለሁ።»

ማክሰኞ ዕለት ሚስቴ የተኮሰችላቸውን ሸሚዝ ለብሰው መድረኩ ላይ ወጡ። «ክቡር ከንቲባ፣ ጊዜዎን ሰውተው ስላነጋገሩን በሰፈሩ ስም አመሰግናለሁ» ሲሉ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ኮራሁ። «አሁን የመጣንበትን ልናገር» ብለው ስለ ደብዳቤዎቹ ሲጀምሩ ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። አማቴ መሆናቸውን አያውቅም።

ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ወረደ ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። ጣቴን እያየሁት ነበር። እንጀራዬን አሰብኩ፤ ኃላፊው አንድ ጊዜ «አንተን የሚተካ ስንት አለ!» ያለኝን አሰብኩ፤ አወረድኩት። አማቴ ሦስት ደቂቃ ተናገሩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ድምፁን መቶ ጊዜ ወደ ላይ መመለስ ይቻላል። አልመለስኩትም። በያጁ ከመሃል ተነስቶ «አይሰማም! ጮክ ይበሉ!» ሲል፣ እሳቸው የደገፋቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቀጠሉ።

ከንቲባው ስልካቸውን ሲነካኩ ቆይተው ቀና አሉና፣ «አባታችን ስላቀረቡልን ምስጋና እናመሰግናለን። ቀጣይ!» አሉ።

የሰፈራችን ሰው የሰማው ምስጋናዋን ብቻ ነው። ለከንቲባው የመጣው ቁጣ ሁሉ ዞሮ አማቴ ላይ አረፈ። በሩ አጠገብ በያጁ አፈጠጠባቸው።

«እኔ ልጄን ቀብሬ፣ እርስዎ ምስጋና ያቀርቡልኛል?»

«እንዴ! ስለ ልጅህ ተናገርኩ እኮ! ስለ በሩም ሳይቀር ተናገርኩ።»

«ማን ሰማዎት?»

አማቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እንድመሰክርላቸው ነው። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «አመስጋኙ» ይላቸው ጀመር። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ሰላምታ የሚነፍጋቸው በዛ። እሳቸው የተቀየሙት ግን ሰዉን አይደለም፤ ጉሮሯቸውን ነው። «ለካ የሚሰማው ለእኔ ብቻ ኖሯል» አሉ ለሚስቴ። ከዚያ ወዲያ ጨው ሲፈልጉ በእጃቸው ማሳየት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ደብተርና እስክሪብቶ አጠገባቸው አስቀመጡ። ሚስቴ «አባዬ፣ አናግረኝ እንጂ!» እያለች ስትለምናቸው እኔ ጎናቸው ተቀምጬ እበላ ነበር። ምግቡ ይወርድልኝ ነበር፤ እስካሁን የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ሚክሰሯ ከማይክሮፎኑ የገባውን ድምፅ ሁሉ ፍላሽ ላይ ትቀዳለች። ለአዳራሹ ስቀንስ ቅጂው አይቀንስም። ይህን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ፍላሿም አምስት ቀን ኪሴ ውስጥ ከረመች። ባሰማ ሥራዬ ያበቃል፤ ሰፈሩም ማንነቴን ያውቃል። ባላሰማ አማቴ ዲዳ ሆነው ይቀራሉ። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ አምስት ቀን የሚያስብ ሰው ምን ይባላል? እኔ እንጃ፤ ሰው ግን አይባልም።

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ አዲስ ወኪል ሊመርጥ ቦዩ ዳር ተሰበሰበ። አማቴ አንዲት ወረቀት ጽፈው፣ እንዳነብላቸው ለእኔ ሰጡኝ። «ድምፄ ከድቶኝ አሳፈርኳችሁ። ይቅር በሉኝ» ትላለች፤ በዚያ በሚያምር የመምህር እጅ ጽሑፍ። ማንበብ አቃተኝ። ወረቀቷን አጥፌ ቤት ገባሁና በባትሪ የምትሠራዋን ስፒከር ይዤ ተመለስኩ። ፍላሿን ሰካሁ።

«…ያቺን እናት በበር ተሸክመን ስናሻግር፣ ክቡር ከንቲባ፣ ስድስቱም ደብዳቤዎቻችን እርስዎ ቢሮ ነበሩ። ሕፃኑ ስም እንኳ አልወጣለትም። ቢሮዎ ውስጥ ተቀምጠው ነገ ተመለሱ ከሚሉን መሃል እኔ ያስተማርኳቸው አሉ። ማንበብ አስተምሬያቸው ነበር፤ ለምን አላነበቡልንም?»

በያጁ ከቦዩ በወጣው የአፈር ክምር ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። አማቴ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«እኔ ነኝ?» አሉ። ከስንት ቀን በኋላ መናገራቸው ነበር፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ድምፅዎ ምንም አልሆነም። ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው መነጽሩን ሲያወልቅ ዝቅ አደርጋለሁ። ምልክቱ የእሱ ነው፤ እጁ ግን የእኔ ነው።»

በያጁ ሊመታኝ ተነሳ፤ ሁለት ሰዎች ያዙት። ባይዙት ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ እኔን አላየችኝም፤ የአባቷን ክንድ ያዘች። አማቴ እጃቸውን አነሱ። ሰዉ ሁሉ ያቺን ቀጭን ድምፅ ለመስማት ጠጋ ጠጋ አለ።

«ከእኔ በፊት ስንት ሰው ነበር?» አሉኝ።

ቆጥሬ አላውቅም። ፊታቸውንም አላስታውስም፤ ከአንዲት ሴት በቀር። ዓምና፣ ሰዎች ወስደውት የት እንደገባ ስለማይታወቀው ልጇ ተናግራ ከመድረክ ስትወርድ፣ በእኔ በኩል አልፋ እጄን ያዘችኝ። «ተባረክ ወንድሜ፤ ዛሬ ገና ተሰማሁ» አለችኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኳት።