ከአሰቦት በኩል የመጣው ድምፅ

«መንገዱ ነጻ ነው?» የአብራሪው የወንድምአገኝ ድምፅ በሬዲዮው ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

ቀነኒ ከጎኗ የቆሙትን ገበሬ እያነጋገረች ነበር። ኦቦ አብዱልቃዲር ማሽላቸውን ግሪሳ ወፍ እየጨረሰባቸው፣ የመርጫ አውሮፕላኖቹ መቼ ወደ እሳቸው ቀበሌ እንደሚደርሱ ሊጠይቁ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጥተዋል።

«ወላሂ፣ ከዚህ በኋላ የምናጭደው አገዳ ብቻ ነው» አሏት።

«ነገ ይደርስልዎታል፣ ኦቦ» አለችና አውራ ጣቷን የሬዲዮው ቁልፍ ላይ ጫን አድርጋ፣ «ነጻ ነው፣ ተነሳ» አለች።

ካለች በኋላ ነው ትዝ ያላት። ከግማሽ ደቂቃ በፊት ሌላው አብራሪ፣ ጋሽ ህሩይ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ከአሰቦት ተራራ በኩል፣ አምስት መቶ ጫማ፣ ለማረፍ እየገባሁ ነው» ብለው ነበር። ሰምታቸዋለች። የወንድምአገኝ ሬዲዮ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ስለማይዝ፣ ጋሽ ህሩይ ያሉትን ሁሉ ከመሬት ሆና የምትደግምለት እሷ ነበረች። እዚያ ሜዳ ላይ መቆጣጠሪያ ማማ የለም። ያለው የተደለደለ አፈር፣ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖችና የቀነኒ ድምፅ ብቻ ነው።

«ቁም! ወንድምአገኝ፣ ቁም!»

ጎማው መሬት ለቋል። የተነሳው ወደ ምዕራብ ነበርና የምትጠልቀው ፀሐይ ዓይኑን ወግታዋለች። ከፀሐይዋ ውስጥ የወጣው የጋሽ ህሩይ አውሮፕላን በአንድ ክንፉ ተጋድሞ ተጠመዘዘ። የአንዱ ጎማ ከሌላው ክንፍ በላይ በሁለት ሰው ቁመት አለፈ። ኦቦ አብዱልቃዲር ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሁለቱም ተራ በተራ በሰላም አረፉ። ወንድምአገኝ ከአውሮፕላኑ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ልናልቅ ነበር እኮ! እንዴት ሳይናገሩ ይገባሉ?»

«ተናግሬያለሁ» አሉ ጋሽ ህሩይ። ሠላሳ ዓመት የበረሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ወደ ቀነኒ ዞሩ። «ልጄ፣ ሰምተሽኛል አይደል?»

ቀነኒ ጭሮ ከተማ ባለው የግሪሳ መከላከል ዘመቻ ቢሮ ጊዜያዊ ቅጥር ነበረች። ቋሚ ትሆኛለሽ ከተባለች ሳምንት አልሞላትም።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

ቃሉ ከወጣም በኋላ ልትመልሰው ትችል ነበር። አንዲት «ቆዩ እስቲ» ትበቃ ነበር። ጋሽ ህሩይ ግን አልተከራከሯትም። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ተራራውን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«እንግዲያው አላልኩም ማለት ነው» አሉ። «እንዳየሽው ጻፊው።»

የበረራ መዝገቡ ላይ «አብራሪው አቅጣጫና ከፍታ አላሳወቁም» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ጭሮ ሲገቡ ጋሽ ህሩይ የስንብት ደብዳቤያቸውን ለአስተባባሪው ለአቶ ሞገስ ሰጡ። ማንም አላስገደዳቸውም። አዲስ አበባ የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ ቀነኒን ጠርተው ተሰናበቷት።

«መርሳቴ አይደለም ያስፈራኝ» አሏት። «ማን አይረሳም? እንደተናገርኩ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። አሁንም የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው በዚህ ከተሳሳተ በምኑ ይተማመናል?»

ቀነኒ ቦርሳቸውን ተሸክማ መኪናው ድረስ ሸኘቻቸው።

ለገና እንኳን አደረሰዎት ልትላቸው ደወለች። ሌላም ልትል ፈልጋ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ለራሷም አልነገረችም። ስልኩን ያነሳችው ሄለን የምትባል ልጃቸው ናት።

«ከጭሮ ነሽ? ደስ ይለዋል» አለች ሄለን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ እዚያ ምን ሆኖ ነው? መኪና መንዳት ትቷል። የልጄን እጅ ይዞ አስፋልት አያሻግርም። ቡታጋዙን አጥፍቼዋለሁ ወይ እያለ አሥር ጊዜ ይነሳል። ሐኪሙ ጤነኛ ነዎት ቢለው አላመነም። የበረራ ፈቃዱም ሳይታደስ ጊዜው አለፈ።»

«አገናኚኝ» አለች ቀነኒ።

ጋሽ ህሩይ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት። እሷ ግን አቋረጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ሰምቼዎት ነበር። ተናግረዋል። ለወንድምአገኝ ያልደገምኩለት እኔ ነኝ። ዋሸሁ።»



«አንቺ ደግ ልጅ ነሽ» አሉ ለስለስ ብለው። «ሄለን ነገረችሽ አይደል? ልታጽናኚኝ ብለሽ በራስሽ ላይ አታውሪ።»

«እውነቴን ነው፣ ጋሼ! በእግዚአብሔር ፊት...»

«ይገባኛል፣ ልጄ። ይገባኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በዓሉ እንዳለፈ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጽፋ ለአቶ ሞገስ አቀረበች። መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሰውየው በፈቃዳቸው ነው የለቀቁት። ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉ። «ቋሚ ቅጥርሽ በዚህ ሳምንት ይፈረማል። ይህ ወረቀት ከገባ ግን ጊዜያዊውም አይተርፍልሽም። አንዴ ካለፈ ለማን ይጠቅማል? ውሰጂና ቅደጂው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መዝገብ ቤት ገባች። መዝገብ ያዧ ባየች ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ላድርግልሽ?»

«ይህን ገቢ አድርጊልኝ። ማህተም ያለበት አንድ ቅጂም እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባ ለጋሽ ህሩይ የምወስደው።»

ባየች ዓይኗን በመስመሮቹ ላይ አሳለፈች። ፊቷ ተለወጠ።

«ቀነኒ፣ አንዴ ቁጥር ከሰጠሁት መመለስ የለም። ታውቂያለሽ?»

ቀነኒ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቁጥር ስጪው» አለች።